የሰው ገመና የሚሰማ ሰው

ልጆቼ፣ በተጣላ ቤተሰብ መካከል ተቀምጦ ማድመጥን ሥራዬ ልበል የምትሉ አላችሁ። ገና ጎጆ ለመውጣት የምትሰናዱም አላችሁ። ለሁለታችሁም የምነግራችሁ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። በሰው መከራ ማዘን ለማንም ተሰጥቷል፤ ያንን ሐዘን ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ መያዝ ግን እንደ ማንኛውም ሙያ ይለመዳል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ደንብም አለው። እንባ የሚያብስ እጅ ብዙ ነው፤ እንባው ፈስሶ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው።

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ ቤት ሙሉ ነፍስ የምታሳድር የቤት እመቤት። በቤታችን ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። የሚነሣው ዝምታ ነበር፤ ከተነሣም ሳምንት ይቆያል። በዚያ ሳምንት የሁለቱን ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። «ምሳው ቀርቧል በይው» ትለኛለች እናቴ፣ አባቴ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ። «አልራበኝም በያት» ይላል እሱ። በስድስት ሰባት ዓመቴ የእናቴን ቁጣ አለስልሼ፣ የአባቴን ኩርፊያ አሳምሬ ማድረስ ተምሬያለሁ። ይህን የሚሰሙ ሰዎች «ለሙያሽ የተመረጥሽው ያኔ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ብዙም ደስ አይለኝም። ቃል የሚያመላልስ ልጅ ብልህ ይሆናል፣ ልጅነቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ዛሬ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ አስቀድሜ የማደርገው ልጁን ከዚህ ሸክም ማውረድ ነው። «አንተ ዛሬ የምታደርሰው ነገር የለም፤ እናትህ ለአባትህ ራሷ ትነግረዋለች» እለዋለሁ። ወላጆቹ ይደነግጣሉ፤ የልጁ ትከሻ ግን ዝቅ ሲል ይታየኛል። እናንተም በወለዳችሁ ጊዜ የኩርፊያችሁን መልእክት ለልጅ አታሸክሙ።

ለትምህርት አዲስ አበባ የወጣሁት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔ ስደርስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከመጽሐፉ ይልቅ ያስተማረኝ የሰፈር ልምምዱ ነበር። አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ወደ ቀረባት እናት ዘንድ ከመምህሬ ጋር ሄድን። ሴትዮዋ ከማዘጋጃ ቤት የመጣን መስሏት በሩን በግማሽ ይዛ ቆመች። መምህሬ ለመግባት አልቸኮለችም። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ ማን እንደሆንን፣ ማን እንደላከን ተናገረች፤ ቀጥላም «ገንዘብ አንሰጥም፣ ቤትም አናፈርስም፣ ልጅሽንም አንወስድም፤ ከፈቀድሽ ግን እንሰማሻለን» አለቻት። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ «አንችልም» ከሰማች በኋላ ነው በሩን የለቀቀችው። ያን ቀን የያዝኩትን እስከ ዛሬ አልጣልኩም። የተቸገረ ሰው ደጅ ስትደርሱ አስቀድማችሁ የማትችሉትን ንገሩት። ተስፋ አብዝቶ የገባ አማካሪ፣ በሦስተኛው ቀን ውሸታም ሆኖ ይወጣል።

አብዮቱ መጣ፤ ያ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ሙያው በአገራችን ዩኒቨርሲቲ እንደገና መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ላይ ነው። በመካከሉ ባለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ስንት ጦርነት፣ ስንት ረሃብ፣ ስንት ስደት እንዳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤተሰብን ያቆዩት የንስሐ አባቶች፣ ሼኮች፣ የእድር ሽማግሌዎችና በቡና ሰዓት ጎረቤት የሚሰበስቡ እናቶች ናቸው። ዲግሪ ያልያዘውን ሁሉ የሚንቅ ወጣት ባለሙያ ባየሁ ቁጥር ይህን አስታውሰዋለሁ።

ሽምግልናን ግን ሳይመረምሩ ማወደስም ደግ አይደለም። በልጅነቴ አክስቴ ከባሏ ተጣልታ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ቡና የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ባልየውን ረጅም ጊዜ ጠየቁት፤ እሱም ረጅም ጊዜ ተናገረ። ወደ አክስቴ ሲዞሩ «ይቅር በይው» አሉ። «እሺ» አለች። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተሄደ። ማታ ጓዳ ውስጥ እኔን ቁጭ አድርጋ ማንም ያልጠየቃትን ሁሉ ለእኔ ለልጅቷ ነገረችኝ። ልጆቼ፣ «እሺ» ያለ ሁሉ አልተስማማም። ከሽማግሌዎቻችን ትዕግሥታቸውን ውሰዱ፤ ቀጠሮ መስጠታቸውን፣ ተመልሰው ማየታቸውን፣ ሁለቱንም ወገን በሙሉ ስም ጠርተው ማክበራቸውን ውሰዱ። ወደ ምርቃቱ የሚያደርጉትን ጥድፊያ ግን ተዉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ሳይቀር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ያዞረው። ይህም ሕግ ቢሆን ዳኛው ጥንዶቹን ወደ ሽማግሌ እንዲመራ፣ እስከ ሦስት ወርም የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጣቸው ፈቅዷል። ጊዜ መስጠት የሚለውን ጥበብ ሕግ አውጪዎቹ ከሽማግሌዎቹ የወረሱት ይመስለኛል።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ፤ ዛሬ ወደምኖርባት ጅቡቲ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ነው። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች ገና ጥቂት ወር ነበር፤ ባቡሩም በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር። ከድሬዳዋና ከዙሪያዋ የሸሸው ሕዝብ አሊ ሳቢህና ዲኪል ላይ ሰፈረ። በአሊ ሳቢህ መጠለያ ከቤተሰቦች ጋር ስሠራ ጧት ጧት የሚጣሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ጠባቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሸሹ ሌሊት ቤቱን ሳይቆልፍ የወጣው ማን ነው? እሱ «አንቺ ነሽ» ይላል፤ እሷ «ኋላ የወጣኸው አንተ ነህ» ትላለች። ቤቱ ምናልባት ፈርሷል፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። ሰው ሁሉ ሁለቱን ሲያስታርቅ በድንኳኑ ማእዘን የተቀመጡትን የባልየውን እናት ማንም አንድ ቃል አልጠየቃቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ እርስዎስ ያን ሌሊት ምን አደረጉ?» አልኳቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱና ቁልፉን አወጡ። ቤቱን የቆለፉት እሳቸው ነበሩ። «ለምን አልነገሩንም?» ሲባሉ፣ «ተቆልፏል ካልኩማ እንመለስ ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ» አሉ። ባልና ሚስቱ ያን ቀን ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ፤ ያለቀሱትም ለበሩ ሳይሆን ለቤቱ ነበር። በቤተሰብ ጠብ ውስጥ ሁለት ሰው ሲጮህ ዓይናችሁን ከሚጮሁት አንሡና ዝም ያለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቁልፉ ያለው ካልተጠየቀው ሰው ዘንድ ነው።

አሁን የምኖረው ሆዳን ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሆዳን በባልባላ ውስጥ ያለች ሰፈር ናት፤ ባልባላን ከአሮጌው የጅቡቲ ከተማ የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ይለያታል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ከተነሣው ሁከት በኋላ ከተማዋን በሽቦ ሲያጥሩ፣ መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ከአጥሩ ማዶ በሳንቃና በቆርቆሮ ጎጆ እየቀለሰ ያቋቋማት ናት ባልባላ። እዚህ ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛው፣ ፈረንሳይኛውና አማርኛችን በአንድ ግቢ ያድራሉ። የጎረቤት ልጆች «ኤዶ» ይሉኛል፣ አክስቴ ማለታቸው ነው፤ የእኛዎቹ «እማማ» ይሉኛል። በሁለቱም ስም እየጠሩኝ ጉዳያቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በቆርቆሮ ሰፈር ምስጢር መጠበቅ ከከተማው መሐል ይልቅ ከባድ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ያስላል፣ ትሰማላችሁ። ስለዚህ የፊተኛው ክፍሌ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሲንጀር የስፌት መኪናዬ በር ላይ ተቀምጣለች፤ የምትረዳኝ ልጅ ከጧት እስከ ቀትር ትሰፋባታለች። አንዲት ሴት የተተረተረ ድሪዕ ቀሚስ ይዛ ብትመጣ «ልታሰፋ ነው» ይባላል እንጂ «ትዳሯ ተናግቶ ነው» አይባልም። የመኪናው ድምፅም በኋለኛው ክፍል የሚነገረውን ይሸፍናል። አንድ ጊዜ የአንዲት ባለጉዳይ አማት ልብስ ለማሰፋት መጣችና የምራቷን ጉዳይ ልታወጣጣኝ ሞከረች። «እኔ የማውቀው ወገቧ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ነው» አልኳት፤ ስቃ ሄደች። የሰው ገመና አደራ ነው። አደራ ጠባቂ መሆኑን ሰው በቃላችሁ አያምንም፤ የሌላውን ሰው ነገር ስንት ጊዜ እንዳላወራችሁ ቆጥሮ ነው የሚያምናችሁ።

ሰዓትም ዕወቁ። እዚህ አገር ጫቱ ከኢትዮጵያ በየቀኑ ገብቶ ከቀትር በኋላ ይታደላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት ወንዱ በመብረዝ፣ በጫት መቃሚያው ቤት፣ ያሳልፋል። ምርቃናው ላይ ያለ ባል በሁሉም ነገር ይስማማል፣ ማታ ሲወርድ ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ ባልና ሚስትን አብሬ የማስቀምጠው ጧት ነው፤ ይበልጡን ዓርብ ጧት፣ ሥራ በማይኖርበት። ሰኔና ሐምሌ ኀምሲን በሚነፍስበትና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ከባድ ጉዳይ አልከፍትም። በእነዚያ ወራት የተባለ ክፉ ቃል ግማሹ የሙቀቱ ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም፤ ሥራዬ ግን ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ተቃንቷል።

ከመጽሐፍ የተጠቀምኩትንም አልክድም። ቨርጂኒያ ሳቲር የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ዊስኮንሲን በገበሬ ቤት የተወለደች ሴት ነበረች። ገና በአምስት ዓመቷ፣ ሳድግ ለልጆች ብዬ ወላጆችን የምመረምር መርማሪ እሆናለሁ ብላ እንደወሰነች ትናገር ነበር። መጀመሪያ የትምህርት ቤት መምህርት ሆና ተማሪዎቿን እስከ ቤታቸው ተከትላ ቤተሰቡን ታይ ነበር። በኋላ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች፤ ታማሚውን ለብቻው ከማከም ይልቅ ቤተሰቡን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማነጋገር እንደሚበጅ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመችው መጽሐፍ አስረዳች። ሰው ሲጨነቅ አንዱ ይወነጅላል፣ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ ስሜት የሌለው ይመስል በምክንያት ብቻ ይናገራል፣ አንዱ ደግሞ ጨዋታ ቀይሮ ያመልጣል ትላለች። ይህን ሳነብ ከዚራ ያለውን የአባቴን ቤት ያየችው መሰለኝ። ቤተሰቡ ከመናገር ይልቅ በአቋቋሙ እንዲያሳይ የማድረግን ዘዴም ያገኘሁት ከእሷ ነው።

ይህን ዘዴ በአንድ ሾፌር ቤተሰብ ላይ የሞከርኩበትን ላጫውታችሁ። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋልና፣ ባሏን ወደ ድንበሩ ለሚወስደው ለጋላፊ መንገድ የሰጠች ሴት በሰፈሬ ብዙ ናት። ይህ ሰው ከባድ መኪናውን ፒኬ ዱዝ አቁሞ በመጣ ቁጥር ቤቱ ይታወካል። ገብቶ ሳይቀመጥ ሒሳብ ይጠይቃል፣ የልጆቹን ደብተር ይገለብጣል፣ ይቆጣል፣ በማግሥቱ ይሄዳል። ሚስቲቱ «እንግዳ ሆኖ ይመጣል፣ ገዥ ሆኖ ያድራል» አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጃቸውን፣ «አባትህ የመጣ ቀን ቤታችሁ ምን እንደሚመስል አሳየኝ፤ እያንዳንዳቸውን ያዝና አቁማቸው» አልኩት። እናቱን ግድግዳው ጥግ አቆማት። እኅቱን ከእናቱ ጀርባ ደበቃት። እሱ ራሱ መስኮቱ ጋ ቆመ። አባቱን ግን በሩ ላይ ወስዶ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረው። ሾፌሩ «ለምን ወደ ውጭ አዞርከኝ?» ቢለው፣ ልጁ «ጫማህን አታወልቅም» አለ።

እዚህ ላይ ልጆቼ፣ ወጣት ባለሙያ ቶሎ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። የልጁ ቃል አባቱን እንደሚያሸንፈው አይቶ በድሉ ይደሰታል። የእኔ ሥራ ግን የጀመረው ያኔ ነው። ሾፌሩን ወንበር ሰጥቼ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መንገዱ ጠየቅሁት። ፍሬን እምቢ ስላለበት ቁልቁለት፣ በረሃ ላይ ስለተገለበጠ ጓደኛው፣ በጉምሩክ ሰልፍ ቀናት ስለሚያልፉበት ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤቴ ስገባ እኔ ባልኖርም ሁሉም ነገር ይሄዳል። ሒሳቡን የምጠይቀው የምሠራው ነገር ሳጣ ነው» አለ። ሚስቲቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ጨካኝ መስሎ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ እንዳይፈለግ የፈራ ሰው ነው፤ ይህን ማወቅ ጭካኔውን ትክክል አያደርገውም፣ የምትነጋገሩበትን በር ግን ያሳያችኋል። የተስማሙትም ትንሽ ነገር ነው። በገባበት ማታ ሒሳብም ቅጣትም የለም፤ ጫማውን ያወልቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሒሳቡ ጧት ከቁርስ በኋላ፣ ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው። ልጁን ደግሞ ጎማ ሲፈትሽ ይዞት እንዲሄድ ጠየቅሁት፤ ይህን ያለ ክርክር ተቀበለ።

ሌላው የዘመናችን ቤተሰብ ደግሞ በስልክ የተሰፋ ነው። ሚስት ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ ባል ከልጆቹ ጋር እዚህ አለ። አንድ ባል «ገንዘብ የምትልከው ለእናቷ ነው» ብሎ ሊከሳት መጣ። ማንንም በሌለበት አልሰማም አልኩና ስልኩን በኢሞ ደውለን ባዶ ወንበር ላይ አቆምነው፤ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ፊቷ እየደረቀ ተነጋገሩ። እሷም የራሷ ክስ ነበራት፤ ልጇ ታሞ ሆስፒታል እንደተኛ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ገንዘቡም የልጁ ሕመምም ሁለቱ የተደባበቁት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ እሱ እንዳትጨነቅ፣ እሷ እንዳይቀየም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ገንዘብ የማያወሩበት ስልክ እንዲኖራቸው ተስማሙ። የራቀ ሰው መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ ወንበሩን የምትጠብቁለት እናንተ ናችሁ።

አሁን የምላችሁን በጥሞና ያዙ። ሁሉም ጠብ በአንድ ክፍል አይሰማም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው «ሚስቴን ምከሪልኝ» ብሎ አመጣት። ለጥያቄዬ ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው፤ እሷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ልኳን ለመውሰድ ብዬ ወደ ስፌት ክፍሉ አስገባኋትና ብቻችንን ሆንን። ክንዷን ስታነሣ ያየሁት በቂ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱን አብሬ አላስቀመጥኩም። የሚደበደብ ሰው ከደብዳቢው አጠገብ ተቀምጦ እውነት ይናገር ማለት፣ ማታ የሚከፍለውን ዋጋ ሌላ ሰው እንዲከፍል መፍረድ ነው። በዚህ አገር የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመ ነው፤ ከ2007 ጀምሮም የተጎዱ ሴቶችን የሚሰማ፣ መብታቸውን የሚነግርና ወደሚመለከተው የሚመራ የማዳመጫ ክፍል አለው። ወደዚያ አብሬያት ሄድኩ። የባልየው ዘመዶች «ቤት አፍራሽ» አሉኝ፤ በሰፈር ሰላምታ የነሡኝም ነበሩ። ልጆቼ፣ ዕርቅ ክቡር ነው፤ የሰው አካል ግን ከዕርቅ ይቀድማል። በሰው ፊት መልካም ስም ለማትረፍ ብላችሁ ሴትን ወደ ዱላ አትመልሱ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲገጥማችሁም እንዲሁ ነው፤ በምክር አታቆዩት፣ ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሆናል፤ በመድኃኒቱ ፈንታ ግን አይሆንም።

አንዳንዶቻችሁ «የእኛ ሕዝብ ለባለሙያ ገመናውን አይነግርም» ትሉኛላችሁ። የዚምባብዌውን ነገር ስሙ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ፤ አንዲት ታካሚው ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ወደ እሱ ሳትመጣ ቀረችና ሕይወቷን አጠፋች። እሱም ሐኪሙ ሰዉ ወዳለበት ካልሄደ ጥቅም የለውም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት በአያቶቹ የተመከሩት ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው እንደቀለለ አሳየ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አያቶቹ በአያትነታቸው ብቻ አልተቀመጡም፣ ሥርዓት ተምረዋል። ከተማሩት አንዱ ሰውዬው ችግሮቹን ሁሉ ካወጣ በኋላ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። እኔም ይህን ወሰድኩ። በቅርቡ ወጣት ባልና ሚስት የሠርጋቸው ቀን ከተባለ ቃል ጀምሮ ረጅም የቅሬታ ዝርዝር ይዘው መጡ። «አንዱን ምረጡ፤ ሌላው ይጠብቅ» አልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ተከራክረው የመረጡት የውሃ መቅጃውን ተራ ሆነ። ሳቅሁ፤ እነሱም ሳቁ። ተራው ተስተካከለ። በሚቀጥለው ዓርብ ዝርዝሩን ቤት ረስተውት መጡ።

ሁሉ ነገር እንዲህ በሳቅ አይጠናቀቅም፤ የሚለያዩም አሉ። አንድ ጥንድ ከብዙ ድካም በኋላ አብረን መኖር አንችልም ሲሉ፣ እኔም አልገፋኋቸውም። ሙስሊሞች ስለነበሩ ነገሩ ጋብቻና ፍቺ በሚመዘግበው በማእዙኑ ዘንድ በሥርዓቱ ተጻፈ። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ዓርብ ተቀምጠን፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድሩ፣ ዒድን የት እንደሚያሳልፉ፣ የትምህርት ቤቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ አንዱ ሌላውን በልጆቹ ፊት በምን ስም እንደሚጠራው ሳይቀር ተነጋገርን። በመጨረሻዋ ዓርብ ሲወጡ በሩን ከፍቶ ያሳለፋት እሱ ነበር። ደህና ተለያይቶ ልጅ ማሳደግ በክፉ ተጣብቆ ልጅ ከማቃጠል ይሻላል፤ ይህን ስል ከአንዳንድ እኩዮቼ ጋር እጣላለሁ፣ እጣላ።

እናንተ ዘወትር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ «እማማ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ሐዘን ሰምተሽ እንዴት ትተኛለሽ?» እሰማለሁ እንጂ አልበደርም። ለባለጉዳይ ገንዘብ አላበድርም፣ ቤቴ አላሳድርም፣ የሌሊት ስልክ የማነሣው ለሕይወት ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ድንበር ሳያበጁ የገቡ ደጋግ ልጆች አውቃለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራውንም ሰዉንም ጠልተው ወጡ። የሚሰማ ሰው ደግሞ እሱን የሚሰማ ይሻዋል። በሙያው ትልልቆቹም ቢሆኑ የከበዳቸውን ጉዳይ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ለሌላ ባለሙያ ያቀርባሉ፤ ይህን እንደ ድካም አይቆጥሩትም፣ የሥራው ክፍል ነው። እኔ የምሄደው አርሒባ ሰፈር ወደምትኖር፣ ጡረታ ወደ ወጣች አንዲት የአፋር ነርስ ነው። እሷ አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ የእኔም አፋርኛ እንዲያው ነው፤ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ እንግባባለን። ሻይ አፍልታ፣ የነገርኳትን ሁሉ ሰምታ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልታየኝን ነገር የምታሳየኝ በሁለተኛው ላይ ነው። በሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ ራት በልተሻል?» ትለኛለች። አልበላሁም ካልኳት ምክሩን ትተወውና ማዕድ ቤት ትገባለች።